ከጠመንጃ ወደ ባይኖኩላር፦ የኢትዮጵያ አእዋፍ ጥናትና ተመልካቾቹ

በኢትዮጵያ አእዋፍን ልብ ብሎ መመልከት የተጀመረው የአእዋፍ ጥናት በሳይንስነቱ ወደ አገሪቱ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የንስርንና የሌሎች አእዋፍን ጠባይ ከመንፈሳዊ ትርጓሜ ጋር እያዛመደ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከአድዋ ብዙም በማይርቀው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌሎች ሠዓሊዎችም በአምዶቹና በቅስቶቹ ራስጌ ላይ ወፎችን በቀለም ሥለዋል። ገበሬው በበኩሉ ቆቅን ከጅግራ፣ ዋኔን ከእርግብ፣ ጭልፊትን ከአሞራ ለይቶ የሚጠራ ብቻ ሳይሆን ወቅትንም በወፍ የሚያነብ ነበር። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው የመስቀል ወፍ ይባላል፤ በዚህ ስም የሚጠሩት አእዋፍ ግን ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው የማይጠፉ ናቸው፤ ወንዱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለመራቢያ የለበሰውን ደማቅ ላባ ከጣለ በኋላ እንደ ሴቷ ቡናማ መልክ ስለሚይዝ፣ ከሌሎች ድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይሰደድም። ይህ ሁሉ የሕዝብ ዕውቀት በቃል የሚተላለፍ ስለነበር፣ በጽሑፍ የቀረው የአእዋፍ ጥናት ታሪክ የሚጀምረው ከባሕር ማዶ ከመጡ ተጓዦች ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር የደረሰ ሲሆን፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አእዋፍን በሥዕልና በአገሬው ስም አስገብቷል። ከእነዚህም አንዱ ንስር ወርቅ ብሎ የመዘገበው፣ ከመንጋጋው ሥር ጢም የመሰለ ላባ የሚንጠለጠልበትና አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየጣለ ሰባብሮ በመብላት የሚታወቀው ጢማሙ አሞራ ነው። ብሩስ እንደተረከው፣ ጓዙን ይዞ ሊማሊሞን ከወጣ በኋላ አገልጋዮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ በትልልቅ ሳህን አቅርበው ሊበሉ ሲሉ፣ ይህ ወፍ ሰው ሳይፈራ ወደ መካከላቸው ወርዶ ሙዳዎቹን በጥፍሩ አንሥቶ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሊያነሣ በተመለሰ ጊዜም ብሩስ ተኩሶ ጣለው። ዛሬም የሊማሊሞና የሰሜን ተራሮች ገደላ ገደሎች ይህን ወፍ በቅርብ ለማየት ከሚመቹት ቦታዎች መካከል ናቸው። ብሩስ ዋልያ ብሎ የጠራው አረንጓዴ እርግብም ሳይንሳዊ መጠሪያውን ያገኘው ከዚያው መጽሐፍ ነው፤ እርኩምን፣ ማለትም በሜዳ እየተራመደ የሚመገበውንና በአንዳንድ ቦታ አባ ገምባ የሚባለውን ትልቅ ጥቁር ወፍም ከአውሮፓ አንባቢዎች ጋር አስተዋውቋል።

ከብሩስ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ግን ተራኪ ሳይሆን ሥርዓት ያለው ሰብሳቢ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንንና ጎንደርን ሲዞር ያከማቻቸው ናሙናዎች፣ ማለትም ሥጋቸው ወጥቶ ቆዳቸውና ላባቸው ለጥናት የተጠበቁ ወፎች፣ ወደ ፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተልከው በየዝርያቸው ተገለጹ። የዝርያ ገለጻ ማለት አንድን ወፍ ከሌሎች የሚለዩትን ምልክቶች በጽሑፍ አስፍሮ ሳይንሳዊ ስም መስጠት ሲሆን፣ መነሻ የሆነው ናሙናም ለማመሳከሪያ በቤተ መዘክር ይቀመጣል። ሩፔል የገለጻቸው አእዋፍ ለደጋው ነዋሪ እንግዶች አልነበሩም፤ ጭንቅላቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው የገደል እርግብ፣ ክንፉ ላይ ሰማያዊ የሚታይበት የደጋ ዝይ፣ ከአንገቱ ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበትና ማለዳ ማለዳ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ባለ ቆልማማ ምንቃር ወፍ ሁሉም የእርሱን ስም ከገለጻቸው ጎን ይዘው ቀርተዋል። ከእነዚህም መካከል በኢትዮጵያ ብቻ ወይም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ አሉ፤ በአንድ አገር ክልል ተወስኖ የሚኖር ዝርያ በተለምዶ ብርቅዬ ይባላል፤ የወፍ ተመልካቾች ከሩቅ አገር ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጉዞ መሪ ኦራትዮ አንቲኖሪ ሸዋ ሲደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር በታች ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጉዞው መቀመጫ ሰጡት። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ አእዋፍን ሲሰበስብ የቆየ ሲሆን፣ ስብስቡ ወደ ጣሊያን ተወስዶ ቶማሶ ሳልቫዶሪ በተባለው ሊቅ ተጠንቶ የሸዋ አእዋፍ ዝርዝር ሆኖ ታተመ። በዚህ ዘመን የነበረው አሠራር ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባዋል፦ ወፏን ያየ፣ መንገድ የመራ፣ ብዙ ጊዜም ተኩሶ ያመጣ ወይም በወጥመድ የያዘ የአገሬው ሰው ስሙ በመዝገብ አልቀረም፤ ናሙናውም፣ ዕውቀቱም፣ የታተመው መጽሐፍም ከአገር ወጥቶ በጄኖቫ፣ በፍራንክፈርት፣ በለንደንና በፓሪስ ቤተ መዘክሮች ተቀመጠ። በዚህ የተነሣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ስለ አገሩ ወፎች ለማወቅ ሲሻ ወደ አውሮፓ መሄድ ወይም በአውሮፓ ቋንቋ የተጻፈ ውድ መጽሐፍ መፈለግ ግድ ሆኖበት ኖሯል።

የናሙና ሰብሳቢነት ዘመን ትልቁ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ታሪክ ነው። ይህ ጣሊያናዊ ተጓዥ ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘልቅ በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሞቱ በኋላ ስብስቡ ሲከፈት አረንጓዴ ሰውነት፣ ቀይ ክንፍና ነጭ ጉትዬ ያለው ከዚያ በፊት ያልታወቀ ወፍ ተገኘበት፤ ሳልቫዶሪም በ1896 በሟቹ ስም ሰይሞ ገለጸው፤ ነገር ግን ሩስፖሊ የት ቦታ እንዳገኘው የሚያመለክት ጽሑፍ ከናሙናው ጋር ስላልነበረ፣ ወፉ የት እንደሚኖር ሳይታወቅ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቆየ። ናሙና ያለ ቦታና ያለ ቀን ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። ዛሬ ይህ ወፍ በነገሌ ቦረናና በአካባቢው ባሉ የጥድና የሾላ ዛፎች መካከል ይፈለጋል። በዚያው የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሎርድ ሎቫትና ዌልድ ብለንደል የተባሉ ብሪታኒያውያን በዓባይ ተፋሰስ በረሃማ ሸለቆ ያገኙት፣ በ1899 ሃርዉድ በሚል ስም የተገለጸው ቆቅም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን መንገድ በሚደረሰው በጀማ ሸለቆ ማለዳ ሲጮህ ይሰማል።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ጦርነትና የወፍ ጥናት በአንድ መንገድ ተጓዙ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሚላኖው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ከደቡብ ኢትዮጵያ የተላከለትን አንድ ወፍ መርምሮ ከሚታወቁት ሁሉ የተለየ መሆኑን ስለተረዳ በ1938 አዲስ ወገን አቋቁሞ ገለጸው፤ ስሙንም ለጀርመናዊው የአእዋፍ ሊቅ ለኤርቪን ሽትሬዘማን መታሰቢያ አደረገው። ይህ ወፍ ከያቤሎ እስከ ሜጋና አሬሮ ባለው አነስተኛ ክልል ብቻ ይኖራል፤ ሰውነቱ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ራቁት ቆዳ ሰማያዊ ሲሆን፣ በግራር ጫፍ ላይ እሾሃማ ጭራሮ ከምሮ ክብ ጎጆ ይሠራል፤ በቡድን ሆኖም የከብት መንጋ ተከትሎ በእበትና በአፈር ውስጥ ያሉ ነፍሳትን ይለቅማል። ከሱ ጋር በአንድ ክልል የምትኖረው ጅራተ ነጭ ዋኖስ፣ ማለትም በበረራ ላይ ነፍሳት የምትይዝ ቀጭን ወፍ፣ የተገለጸችው በ1942 ሲሆን፣ ያገኛትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር በ1941 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የገባው ኮንስታንቲን ቤንሰን ነው። የሩስፖሊን ወፍ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ እንደገና ያገኘውም ይኸው መኮንን ነበር።

በያቤሎ ዙሪያ ያለው መሬት ከአጎራባቹ ሜዳ በዓይን ሲታይ አይለይም፤ ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር፣ ያው ከብት ነውና ሽትሬዘማን የተባለው ወፍ ለምን ከዚያ ወሰን እንደማያልፍ ለብዙ ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። መልሱ የተገኘው በ2012 በታተመ ጥናት ሲሆን፣ የወፉ መኖሪያ ከዙሪያው ዝቅተኛ ቦታዎች ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ ከፍታ ላይ ያለ፣ ወሰኑም ከሙቀት መጠን ወሰን ጋር የሚገጥም መሆኑ ታወቀ። ይህ ግኝት አስደሳችም አስጊም ነው፤ የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ ወፉ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ የለውምና።

ከጦርነቱ በኋላ የተተካው ትውልድ ከቀደሙት የሚለየው በአገሪቱ ውስጥ ተቀምጦ መሥራቱ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኤሚል ኡርባንና መኖሪያውን በኬንያ ያደረገው የአሞራዎች ሊቅ ሌስሊ ብራውን በ1960ዎቹ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ያካሄዱት ምርምር የዚህ ዘመን ዋና ፍሬ ነው። በሻላ ሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነጭ ፔሊካኖች ይራቡ ነበር፤ ሻላ ግን ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ፣ ውኃው ጨዋማ፣ ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣም የሌለው ሐይቅ ነው። ታዲያ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን በደሴቱ ትተው፣ ፀሐይ መሬቱን አሙቃ የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር በአየሩ ላይ እየዞሩ ከፍ ይሉና፣ ክንፋቸውን ብዙም ሳያርገበግቡ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን ከፍታ ተሻግረው ወደ አብያታ ይወርዱ ነበር፤ በዚያ ቆሮሶ አጥምደው ከዋጡ በኋላ በሆዳቸው ይዘው ይመለሱ ነበር። አንዱ ሐይቅ ከአዳኝ አራዊት የተጠበቀ መኝታ፣ ሌላው ምግብ ሆኖ የሚያገለግልበት ይህ ትስስር በ1969 በታተመው የሁለቱ ሊቃውንት ጽሑፍ በዝርዝር ተገለጸ። ሁለቱም በ1971 የኢትዮጵያን አእዋፍ ስምና ሥርጭት የያዘ ዝርዝር በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ አሳተሙ።

በዚሁ ዘመን፣ በ1966፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓሠርት ዓመት የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች እየተደራጁ ስለነበር፣ ማኅበሩ የተወለደው መንግሥት ለዱር ሕይወት ጥበቃ ሕግና መሥሪያ ቤት ባበጀበት ወቅት ነው። የማኅበሩ ልዩነት ለምሁራንና ለባለሥልጣናት ብቻ ሳይሆን ተፈጥሮን ለሚወድ ሰው ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው፤ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በአባልነት ይገባሉ፤ ንግግሮችን ይሰማሉ፤ በመስክ ጉዞ ይሄዳሉ፤ ዋልያ የተባለችውን የማኅበሩን መጽሔት ያነባሉ። ጠመንጃ ቀርቶ ባይኖኩላር፣ ማለትም በሁለት ዓይን የሚታይበት አቅራቢ መነጽር፣ የጥናት መሣሪያ የሆነው በእንዲህ ያለው ስብስብ አማካይነት ነው፤ ወፉም ሳይሞት፣ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ቦታውና ቀኑ በማስታወሻ ደብተር ይመዘገባል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚመቹት የመስክ ቦታዎች በአብዛኛው በግማሽ ቀን የሚደረሱ ናቸው። በስተ ምዕራብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለከተማዋ ውኃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዳርቻው ሣር ላይ ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲግጥ ይታያል፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ተኝቶበት ለረግረግ ወፎች ይመቻል፤ በደቡብ በኩል አቃቂና አባ ሳሙኤል በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ ለሚመጡ ዳክዬዎች ማረፊያ ይሆናሉ። በደብረ ሊባኖስ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ጢማሙን አሞራ ከላይ ቁልቁል ሊያየው ይችላል፤ ይህ ለወፍ ተመልካች ከሚደርሱት ታላላቅ ደስታዎች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወፍ ሆድ እንጂ ጀርባው አይታይምና። ርቆ መሄድ የሚችል ደግሞ በባቱ የዝዋይ ሐይቅ ወደብ ላይ ፔሊካኖችን፣ በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠባበቁትን አባ ኮዳዎች በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ያገኛል።

ወቅትም እንደ ቦታው ሁሉ መታወቅ ያለበት ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ አገሪቱ የራሷን አእዋፍ ብቻ ሳይሆን ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሹትን ፈላሽ አእዋፍ፣ ማለትም በዓመት ሁለት ጊዜ አህጉር የሚያቋርጡትን ታስተናግዳለች፤ ስለዚህ በጥር በአንድ የውኃ ዳር የሚታየው የዝርያ ብዛት በሐምሌ ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። በየዓመቱ በጥር በአፍሪካ አገሮች በአንድ ወቅት የሚካሄደው የውኃ አእዋፍ ቆጠራ የተደራጀው በ1991 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ማኅበርም የሚሳተፍበት ይህ ሥራ ለአማተር ተመልካች ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሺህ ዳክዬ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ ቆጣሪው በመጀመሪያ አሥሩን በዓይኑ ይለይና ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ካጤነ በኋላ በዚያው መጠን መንጋውን ይሰፍረዋል፤ መንጋው ከተነሣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በ1969 አዲስ አበባ የመጣው ጆን አሽ በዚያ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ውስጥ በወፎች የሚተላለፉ በሽታዎችን ሲያጠና፣ ወፎችን በቀጭን መረብ እየያዘ በእግራቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቀላል ቀለበት እያሰረ ይለቅ ነበር፤ ቀለበት የታሰረው ወፍ በሌላ አገር ሲያዝ የጉዞው መሥመር ይታወቃል። አሽ በ1976 በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ በሣርና በድንጋይ መካከል የምትመገብ ቡናማ ትንሽ ድንቢጥ አገኘ፤ አዲስ ዝርያ መሆኗም በ1979 ተገለጸ። አንቲኖሪ ከዚያው አፋፍ በታች ስድስት ዓመት ተቀምጦ ያላያትን ወፍ ሌላ ሰው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማግኘቱ፣ ታውቆ ያለቀ የሚመስል ቦታ ገና ያልታየ ነገር ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል። ኋላም ይህችው ወፍ በሰሜን ተራሮች ጭምር መኖሯ ተረጋገጠ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙ የውጭ ተመራማሪዎች አገር ለቀው ወጡ፤ አሽም በ1977 ሄደ፤ ጦርነትና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ችግር የመስክ ጉዞን ለዓመታት አዳከመው።

ጉዞው እንደገና የተነሣው በ1990ዎቹ ነው። በ1990 ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሄደ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ቡድን በመንገድ ላይ በመኪና ከተገጨ፣ ናይትጃር ከሚባል በሌሊት የሚበር ወፍ አንድ ክንፍ አነሣ፤ ክንፉ ብቻ ተመርምሮ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተገለጸ፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ናሙናው በማንም እጅ አልገባም። በ1996 ደግሞ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ የኢትዮጵያን የአእዋፍ ወሳኝ ቦታዎች የመጀመሪያ መዝገብ አሳተመ። አንድ ቦታ በዚህ መዝገብ የሚገባው በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ያለበት ወፍ ሲኖርበት፣ በጠባብ ክልል የተወሰኑ ዝርያዎች ሲገኙበት ወይም አእዋፍ በብዛት ሲሰበሰቡበት ነው፤ በዚህ መለኪያ 69 ቦታዎች ተለዩ። ይህ መዝገብ ከሁሉ በላይ አስፈላጊ የሆነው የወፍ ተመልካቹን ማስታወሻ ወደ ጥበቃ ክርክር ስላስገባው ነው፤ ረግረግ ሊደረቅ ወይም ደን ሊመነጠር ሲታሰብ፣ በቦታው ምን እንዳለ የሚናገር የታተመ ማስረጃ ተገኘ።

የዚህ ሥራ ውጤት ወዲያውኑ የታየው በበርጋ ነው። ከአዲስ ዓለም በላይ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ያለው ይህ እርጥብ የሣር ሜዳ፣ በ1997 ክንፈ ነጭ የምትባለው ትንሽ የረግረግ ወፍ ተገኝታበት ታዋቂ ሆነ። ወፏ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ስትሆን፣ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ እየተሽሎከሎከች ስለምትሄድ ከመነሣቷ በፊት አትታይም፤ ስትነሣም ነጩን ክንፏን ለቅጽበት አሳይታ ጥቂት ሜትር በርራ ወዲያው ትሰወራለች። ከኢትዮጵያ ሌላ የምትታወቀው በደቡባዊ አፍሪካ ብቻ፣ በተለይም በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ በክረምት በሐምሌና በነሐሴ በደጋው ረግረግ እንደምትራባ የተረጋገጠውም በኢትዮጵያ ነው። ክረምቱ ግን ከብት ወደ ሜዳው የሚገባበት፣ ሣሩም የሚታጨድበት ወቅት በመሆኑ፣ ጎጆዋ በሰኮና የመረገጥ አደጋ ነበረበት። ማኅበሩ ከደቡብ አፍሪካ አጋሮቹ ጋር በመተባበር የአካባቢውን ነዋሪዎች በአንድ ቡድን አደራጀ፤ ነዋሪዎቹም ራሳቸው በመራቢያው ወቅት ከብት ለማራቅ ተስማሙ፤ ለልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ተሠራ። ወፍ ተመልካቹ ከከተማ ሄዶ የሚመለስ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ፣ የወፏ ጎረቤት ራሱ ጠባቂ የሆነበት ይህ አሠራር በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ነው።

አዲሱ መቶ ዘመን ኪሳራም ይዞ መጣ። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ፣ ለመጠጥና ለመስኖ የሚቀዳው ውኃ ከሚገባው በልጦ፣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው አፈርም ተጨምሮበት በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የውኃ ወፎች ያርፉበት የነበረው ሥፍራ የእርሻና የግጦሽ መሬት ሆነ፤ ውኃው በከፊል የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አብያታም ወደ ውስጡ የሚገባው ውኃ ለመስኖ እየተወሰደ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ እየተቀዳ ዳርቻው በኪሎ ሜትሮች ሸሸ፤ ውኃው ጨው ሲበዛበት ቆሮሶው ጠፋ፤ ከሻላ ተነሥተው የሚመጡት ፔሊካኖችም ምግባቸውን አጡ። ኡርባንና ብራውን የመዘገቡት የሁለቱ ሐይቆች ትስስር ባይጻፍ ኖሮ የጠፋው ነገር ምን እንደነበር እንኳ የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

በ2006 ሌላ ትስስር ተገለጠ። በሶርያ በረሃ በፓልሚራ አጠገብ በ2002 የተገኙት ጥቂት ራሰ በራ ቆልማማ ምንቃር ወፎች የሰሜኑን የብርድ ወራት የት እንደሚያሳልፉ ስለማይታወቅ፣ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ታስሮ ተለቀቁ፤ ወፎቹም በዓረብ ምድር በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ ገቡ። የመከታተያው ምልክት ወደሚያሳየው ሥፍራ የሄዱት ተመራማሪዎችም በገበሬዎች ማሳ መካከል ሲመገቡ አገኟቸው። ከዚያ በኋላ በሶርያ በተነሣው ጦርነት የፓልሚራው መንጋ ጠፋ። በተመሳሳይ መንገድ ከባልካን አገሮችና ከሌሎችም ቦታዎች የሚነሡ ነጭ ጥንብ አንሣዎች የብርዱን ወራት በአፋር በብዛት እንደሚያሳልፉ የታወቀ ሲሆን፣ በቆጠራ ከ1,000 በላይ ተገኝተዋል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ ያለው ቃርሚያም ከሰሜን ለሚመጡ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ቁራሚዎች፣ ማለትም እግረ ረጅም ግራጫ ወፎች፣ የበጋ መኖ ነው፤ ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ሲመዘገብ ይህም ከታዩለት ነገሮች አንዱ ነበር።

በ2009 ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን አእዋፍ ሥርጭት በካርታ ያሳየ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክሌር ስፖቲስዉድ፣ መሪድ ገብረሚካኤልና ጁሊያን ፍራንሲስ ወፍ የሚታይባቸውን ቦታዎች ከነመንገዱ የሚያመለክት መመሪያ አወጡ። በአስጎብኝነት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን፣ አንዳንዶቹም በገጠር ተወልደው ወፎቹን ከልጅነት ጀምረው የሚያውቁ፣ እንግዶቹን የሚመሩት ዛሬ ስማቸው ታውቆ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የተፈጥሮ ክበባትም ተማሪዎችን ወደ አቅራቢያ ረግረግና ደን ይዘው ይወጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ ሥጋት ያለበት ቦታ ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። በ1968 ክርስቲያን ኤራርና ጓደኞቹ በዚያ ሣር ያገኙት፣ በ1975 የተገለጸው የሊበን ላርክ፣ ከሣር ውስጥ ተነሥቶ አየር ላይ እየተንሳፈፈ የሚዘምር ጎጆውንም በመሬት ላይ በሣር መካከል የሚሠራ ትንሽ ወፍ ነው። ሜዳው በቁጥቋጦ እየተወረሰ፣ በከፊሉም እየታረሰ፣ የቀረውም ከመጠን በላይ እየተጋጠ ስለሄደ፣ ስፖቲስዉድና ጓደኞቿ በ2009 ባወጡት ጥናት ይህ ወፍ ከአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው የጠፋ ወፍ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቁ። ከዚያ ወዲህ የቦረና ሽማግሌዎች ካሎ በሚሉት ባሕላዊ አሠራር፣ ማለትም ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ሣር እንዲያድግ አንድን መሬት ለተወሰነ ጊዜ ከግጦሽ በመከለል፣ በሜዳው ላይ አጥሮች ተሠርተው ቁጥቋጦው ተመነጠረ፤ ሣሩ ረዝሞ ሲወጣ ከብቱም ወፉም ተጠቀመ። ተመራማሪዎቹ በ2013 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ በጅጅጋ አቅራቢያ ያለው መንጋ፣ በሊበን ያለውና ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ሶማሌ ምድር ታይቶ የጠፋው የአርቸር ላርክ አንድ ዝርያ መሆናቸውን በዘር ምርመራ አሳዩ፤ በመሆኑም ወፉ ከሊበን ሌላ አንድ መኖሪያ ተገኝቶለታል፤ የጅጅጋው ሜዳ ግን በእርሻ እጅግ የተያዘ ስለሆነ፣ በሊበን በአጥር የተከለለው ሣር በየዝናቡ ወቅት እየተለካ፣ የሚዘምሩት ወንዶችም በዚያው ወቅት እየተቆጠሩ ሥራው ይቀጥላል።